ከሃንጋሩ በር ጀርባ፦ የአሮጌ አውሮፕላን አዳሾች ለምን አፋቸውን ይዘጋሉ?

ዴኒስ ኮፒንግ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ጁን 28 ቀን 1942 ጉዳት የደረሰበትን ኪቲሃውክ ተዋጊ አውሮፕላን ለጥገና ወደ ሌላ ጣቢያ ለማድረስ ግብፅ ውስጥ ተነሥቶ በዚያው ቀረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አውሮፕላኑ ሰባ ዓመት ሰሃራ ላይ በሆዱ ተኝቶ ቆየ። በ2012 አንድ የፖላንድ ተወላጅ የነዳጅ ኩባንያ ሠራተኛ ድንገት ሲደርስበት፣ ደረቁ አየር አብዛኛውን ነገር እንደነበረ ጠብቆት ነበር። ኮክፒቱ (የአብራሪው ክፍል) ውስጥ መቆጣጠሪያዎቹ በየቦታቸው ነበሩ፣ ጥይቱም ከመትረየሶቹ ጋር ነበር። አጠገቡ አብራሪው ከፀሐይ ለመጠለል ዘርግቶት የነበረው ፓራሹት ቅሪት ተገኝቷል።

ፎቶግራፎቹ ዓለምን ሲያዳርሱ የበረሃው ጥበቃ አበቃ። ቦታው ከታወቀ ወዲያ ማስታወሻ ፈላጊው ሁሉ እየመጣ የቻለውን እየነቀለ ወሰደ፤ ጥይቱን ደግሞ የግብፅ ጦር አነሣው። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሙዚየም ኪቲሃውኩን ለማስመጣት ሥራውን ለያዘው ድርጅት ስፒትፋየር የተባለ አንድ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን በክፍያ መልክ እስከ መስጠት ደርሶ ነበር። አልሆነም። ኪቲሃውኩ ከግብፅ ሳይወጣ፣ በጦርነቱ ጊዜ ያልነበረውን ቀለም ተቀብቶ በኤል አላሜን ወታደራዊ ሙዚየም ቆመ።

ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው አዳሾች ለምን ዝም እንደሚሉ መጠየቅ አያስፈልገውም። ከጦርነት ዘመን የተረፉ አውሮፕላኖችን ከረግረግ፣ ከሐይቅና ከበረዶ አውጥተው እንደገና ለበረራ የሚያበቁት ሰዎች አፋቸው ከባድ ነው። ሃንጋራቸው፣ ማለትም አውሮፕላኑን የሚያድሱበት አዳራሽ፣ መስኮት የለውም። በአየር ትርዒት ላይ ያገኘኸው መካኒክ “አንድ ነገር ይዘናል” ብሎ ፈገግ ይልና ወሬ ይቀይራል። ከዚያ ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ጠዋት፣ ከምድረ ገጽ ጠፋ የተባለ ዓይነት አውሮፕላን ሞተሩን አስነሥቶ ከበሩ ይወጣል። አድናቂዎቹ ደግሞ ያን ቀን ሳይጠብቁ ፍንጭ ለመልቀም የማይቆፍሩት ጉድጓድ የለም።

እኔ ዝምታውን በጅምላ ማውገዝም ማድነቅም ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ተጠቅልለዋል። አንዱ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ መደበቅ ነው። ሌላው አውሮፕላኑ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህሉ የጥንቱ፣ ምን ያህሉ ትናንት የተሠራ እንደሆነ መደበቅ ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ያድነዋል። ሁለተኛው የሚያጠፋው አውሮፕላኑን እንድንፈልገው ያደረገንን ነገር ራሱን ነው።

ከሕጉ ልጀምር። ወድቆ የቀረ የጦር አውሮፕላን የማን ነው? በአንድ አገር ውስጥ እንኳ አንድ መልስ የለውም። የአሜሪካ አየር ኃይል ከኖቬምበር 19 ቀን 1961 በፊት የወደቁ አውሮፕላኖቹን እንደተዋቸው ይቆጥራል። የዚያው አገር ባሕር ኃይል ግን ስንት ዓመት ቢያልፍ፣ ስንት ሜትር ውኃ ቢሸፍነው የእኔ ነው ይላል፤ በ2004 የወጣው የሰመጡ የጦር መርከቦችንና አውሮፕላኖችን የሚመለከተው ሕግም ይህን አቋሙን አጽንቶለታል። እንግዲህ ሁለት ተዋጊ አውሮፕላኖች በአንድ ረግረግ ጎን ለጎን ቢወድቁ፣ አንዱን የሚያወጣው ሰው አዳሽ፣ ሌላውን የሚያወጣው ሰው ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

ይህ ደግሞ በተግባር የታየ ነው። አንድ የሚኒሶታ የአውሮፕላን መካኒክ በ1990 ከሰሜን ካሮላይና ረግረግ በብሩስተር ፋብሪካ የተሠራ ኮርሴር የተባለ የባሕር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላን ስብርባሪ አወጣ። ያ ፋብሪካ የሠራቸው ኮርሴሮች ዛሬ የሉም ቢባል ይቀላል። ሰውየው ቁርጥራጩን ለዓመታት በእጁ ይዞ በትርፍ ጊዜው ሲለፋበት ቆየ። ባሕር ኃይሉ በ2004 ከሰሰው። ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ መነጋገሪያ ሲሆን የአገሪቱ ምክር ቤት አውሮፕላኑ ለእርሱ እንዲተላለፍ የሚፈቅድ አንቀጽ በመከላከያ ሕጉ ውስጥ እስከ ማስገባት ደረሰ። መጨረሻው ለሰውየው ደግ ነበር። ክሱን የሰሙ ሌሎች አዳሾች የያዙት ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ ጋራዥህ ውስጥ ያለውን ለማንም አትናገር።

በእንግሊዝ በ1986 የወጣው የወታደራዊ ቅሪቶች ጥበቃ ሕግ በአገሪቱ ምድርና ውኃ ላይ የወደቀን ማንኛውንም የጦር አውሮፕላን ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ መንካትን ይከለክላል። ፈቃድ ጠያቂው የሰው አጽም ወይም ያልፈነዳ ጥይት ሊኖር ይችላል ከተባለ ብዙ ጊዜ አይሳካለትም። ይህ ትክክል ነው። ስብርባሪው ለአንዱ የመለዋወጫ ምንጭ ሲሆን ለሌላው የወንድሙ መቃብር ነው፤ በዝምታ ስም አጽምን አልፎ ብረት የሚለቅም ሰው ካለ አዳሽ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

ከባሕር ማዶ ሲኬድ ነገሩ ይወሳሰባል። በፌብሩዋሪ 1942 ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ አጋይምቦ በሚባል ረግረግ ላይ በሆዱ ያረፈው ቢ-17 ቦምብ ጣይ፣ ሠራተኞቹ በእግራቸው ወጥተው ሲተርፉ፣ እርሱ በቁመቱ ልክ በበቀለ ሣር መካከል ቀረ። በ1972 ከአየር ላይ እንደገና ሲታይ “የረግረጉ መንፈስ” የሚል ስም ወጣለት። አሜሪካውያን በ2006 ፈታተው አወጡት፤ ነገር ግን ሀብቱ የማን ነው የሚለው ክርክር የፓፑዋ ኒው ጊኒ ምክር ቤት ኮሚቴ ድረስ ሄዶ፣ አውሮፕላኑ ወደብ ላይ ዓመታት አሳልፎ በ2010 ነው የወጣው። አሁን በፐርል ሃርበር የአቪዬሽን ሙዚየም ይገኛል። ለእኔ ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው፤ በዚያ ረግረግ ቢቀር ብረቱ መበስበሱን አያቆምም ነበር፤ የአገሬው ሰው ደግሞ ከደጁ ሲወሰድበት የመጠየቅ መብት አለው።

ቀጥሎ ገበያው ይመጣል። ለአንድ ብርቅ አውሮፕላን የሚሆን ፕሮፔለር ወይም የማረፊያ እግር በዓለም ላይ ሦስት ወይም አራት ሰው ዘንድ ብቻ ሊኖር ይችላል። አዳሹ ምን እየሠራ እንደሆነ ይፋ ባወጣ ማግስት የእነዚያ ሦስት ሰዎች ዋጋ ይነሣል። ገና ያልተነሣ ስብርባሪ ያለበትን ቦታ ካወጣም ተፎካካሪ ቀድሞት ይደርሳል። ገንዘቡ ቀላል አይደለም። በሜይ 1940 ፈረንሳይ ውስጥ ካሌ ባሕር ዳርቻ ላይ ያረፈ ስፒትፋየር አሸዋ ውጦት አርባ ዓመት ቆይቶ በ1980 ብቅ አለ፤ ታድሶ በ2011 በረረ፤ በ2015 ለንደን ውስጥ ክሪስቲስ ባወጣው ጨረታ 3.1 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። ከአሸዋ የወጣው ዝገት የበላው ቅርጽ ነበር። ተሽጦ የሄደው የሚያብረቀርቅ፣ የሚበር አውሮፕላን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው ወደ እውነተኛው ምስጢር የሚወስደን።

አውሮፕላን በሕግ ዓይን ማንነቱን የሚያገኘው ከመለያ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ የተቀረጸው በትንሽ ብረት ሳህን ላይ ነው፤ በአሜሪካ ይህን ሳህን ያለ አቪዬሽን ባለሥልጣኑ ፈቃድ ማንሣትም ሆነ ወደ ሌላ ማዛወር ክልክል ነው። ሳህኑና ሰነዱ ካለህ አውሮፕላኑ “አለ”። ስለዚህ በሙያው ውስጥ የታወቀ አንድ አሠራር አለ፤ ከወደቀው አውሮፕላን የመለያውን ሳህንና ጥቂት ክፍሎች ትይዛለህ፣ በዙሪያቸው አዲስ አሉሚኒየም ትቆርጣለህ፣ አዲስ ሪቬት (ብረትን ከብረት የሚያያይዝ ምስማር) ትመታለህ፣ ሲያልቅ የ1940 አውሮፕላን ነው። አንዳንድ ጊዜም የአንዱ አውሮፕላን የፊት ክፍል በአንድ እጅ፣ ጭራው በሌላ እጅ ይገባና ሁለት ባለቤቶች አንድ ማንነት ይጠይቃሉ።

ይህን ማጭበርበር ነው ማለት አልፈልግም። በጦርነት ጊዜ የተሠራ አውሮፕላን ለጥቂት ወራት ያገለግላል ተብሎ ነው የተሠራው፤ ሰማንያ ዓመት ያስቆጠረ አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ላይ ሰው አስቀምጦ ማብረር ደግሞ ድፍረት ሳይሆን እብደት ነው። የደኅንነት ሕጉ ራሱ አዲስ ብረት ይግባ ይላል። የእንጨት አውሮፕላን ሲሆን ምርጫም የለም። ሞስኪቶ የተባለው የእንግሊዝ አውሮፕላን ከበርችና ከባልሳ እንጨት በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ ከ7,700 በላይ ተሠርቶ፣ በ1996 የመጨረሻው በራሪ ከወደቀ በኋላ አንድም ለበረራ የበቃ አልቀረም። በ2012 ኒው ዚላንድ ውስጥ አርድሞር ላይ እንደገና አንድ የተነሣው፣ ግሊን ፓወል የተባለ ሰው የአካሉን ቅርጽ ማውጫዎች ዓመታት ፈጅቶ እንደ አዲስ በመሥራቱ ነው። እንጨቱ በሙሉ ማለት ይቻላል አዲስ ነው። ይህን ማንም አልደበቀም፤ ሥራውም በዚህ ምክንያት ክብሩ አልቀነሰም። እንዲያውም ስንት ሺህ ሰዓት እንደፈጀ ሲሰማ ጨመረ።

ነውሩ ያለው አዲሱን ብረት አሮጌ ብሎ መሸጥ ላይ ነው። እዚህ ላይ ዝምታው የሚጠቅመው ሻጩን ብቻ ነው።

ታዲያ የውጭ ሰው እንዴት ያውቃል? አድናቂዎቹ እዚህ ይገባሉ። ከሃንጋር ውጭ ካሜራ ይዞ የሚቆመውን ሰው ብዙዎች እንደ ሥራ ፈት ያዩታል፤ እኔ ግን ከአንዳንድ መዝጋቢ ቢሮዎች የተሻለ መዝጋቢ እለዋለሁ። የብዙ አገሮች የአውሮፕላን መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ አንድ ድርጅት ገና ያልተሠራ አውሮፕላን በስሙ ሲያስመዘግብ ቁጥር አሳዳጆቹ በማግስቱ ያዩታል። ሃንጋሩ ተዘግቷል፣ ወረቀቱ ግን ጮኋል፤ የአደባባይ ምስጢር ይሉሃል ይህ ነው። ከዚያ አንዱ የፋብሪካ ዝርዝር ያመጣል፣ ሌላው የአደጋ ሪፖርት፣ ሌላው አያቱ ያነሣውን ፎቶግራፍ። ሳህኑ የሚናገረውና ብረቱ የሚናገረው ካልተስማሙ መጀመሪያ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

በ2017 ብሮተን በሚገኘው የኤርባስ ፋብሪካ ሊፈርስ ቀናት በቀሩት ሕንፃ ውስጥ ከ20,000 በላይ የሞስኪቶ ንድፎች በማይክሮፊልም ካርዶች ላይ ተገኙ። አንድም ሰው ጉዳዬ ብሎ ባያይ ኖሮ ከግድግዳው ጋር ይሄዱ ነበር። ንድፎቹ ሞስኪቶ ለማብረር ለሚጥር የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ማኅበር ተሰጡ። የማኅበሩ ዓላማ በአደባባይ የታወቀ በመሆኑ፣ ካርዶቹን ያገኘ ሰው ለማን እንደሚሆኑ ማወቅ አላስቸገረውም። በድብቅ የሚሠራ ሃንጋር ይህን ዓይነት ዕድል አያገኝም፤ ማን እንደሚፈልገው የማያውቅ ሰው ምን ያመጣለታል?

ዝምታ ሌላም ዕዳ አለው፤ ባዶውን ቦታ ወሬ ይሞላዋል። የበርማ ስፒትፋየሮች ነገር የዚህ ምሳሌ ነው። ዴቪድ ከንዳል የተባለ እንግሊዛዊ ገበሬና የአውሮፕላን ፈላጊ፣ በጦርነቱ ማብቂያ በሣጥን የታሸጉ ስፒትፋየሮች በያንጎን ሚንጋላዶን አየር ማረፊያ ተቀብረዋል ብሎ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ደከመ። ቁጥሩ በየጊዜው እያደገ ከመቶ አለፈ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን በ2012 ወደዚያ ሲሄዱ ጉዳዩ የመንግሥታት መነጋገሪያ ሆነ፤ ዋርጌሚንግ የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ኩባንያ ወጪውን ያዘ። በጃንዋሪ 2013 ተቆፈረ። አንድም ክንፍ፣ አንድም ብሎን አልተገኘም። አብረው የነበሩ ተመራማሪዎች የጦሩን ሰነድ ሲያገላብጡ የተቀበረ ስፒትፋየር እንደነበረ የሚያሳይ ነገር አላገኙም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ሰነዱ ከአሥር ዓመት በፊት በአደባባይ ቢመረመር ጉድጓዱም አይቆፈርም ነበር።

በእርግጥ ይፋ መውጣትም ልክ አለው። ጃንዋሪ 2024 አንድ የባሕር ወለል አሳሽ ኩባንያ አሚሊያ ኤርሃርት በ1937 የጠፋችበትን አውሮፕላን የሚመስል የሶናር (በድምፅ ሞገድ የሚነሣ) ምስል አሳየና ዓለም ተንጫጫ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ተመልሶ ሲታይ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው ግን ስሕተቱን በራሱ አፍ ተናገረ። ከአሥር ዓመት ድብቅ ፍለጋ ይልቅ አሥር ወር የፈጀ የአደባባይ ስሕተት ይሻላል ባይ ነኝ።

አዳሹ ግን የአደባባይ ስሕተትን እንደ እኔ በቀላሉ አያየውም፤ ልክ ነው። “ኪ በርድ” የተባለው ቢ-29 ቦምብ ጣይ በፌብሩዋሪ 1947 ግሪንላንድ በረዶ ላይ አርፎ የቀረ ነው። በ1994 በታዋቂው አብራሪ ዳሪል ግሪንአማየር የሚመራ ቡድን እዚያው ጠግኖ አስነሥቶ ሊያመጣው ሄደ። ሞተሮቹን ቀየሩ፣ ፕሮፔለሮቹን ገጠሙ። ዋና መካኒካቸው እዚያ ታመመ፤ በኋላም ሞተ። በሜይ 1995 ተመልሰው ሞተሮቹን አስነሥተው በበረዶው ላይ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ፣ ከኋላ ካለው የረዳት ኃይል ማመንጫ ጋር የተያያዘ የነዳጅ መያዣ ተነቅሎ እሳት ተነሣ። አውሮፕላኑ ተቃጠለ። ይህ ሁሉ በካሜራ ፊት ነበር፤ ፊልሙ ዛሬም ይታያል። ሥራው የአንድ ሰው ሕይወትና የብዙ ሰው ገንዘብ ከበላ በኋላ መላው ዓለም ሲያይህ ማልቀስን ማን ይመርጣል? ብዙ ሃንጋሮች “ሲያልቅ እናሳያችኋለን” የሚሉት በተንኮል ሳይሆን በዚህ ፍርሃት ነው። ሁለት ዓመት ብሎ የጀመረው ሁሉ አሥራ አምስት ዓመት የሚፈጅበት ሙያ ነውና ቀን የተናገረ ሰው መሳለቂያ ይሆናል።

ያም ሆኖ ክፍት በሆነ በር የተሠሩትን ስናይ ውጤታቸው ያስቀናል። በጁላይ 1942 ግሪንላንድ ላይ በግዳጅ ካረፉት ስድስት ፒ-38 ተዋጊዎች አንዱ፣ በሞቀ ውኃ በሚሠራ መሣሪያ በረዶው ቀልጦ ጉድጓድ ተበጅቶለት፣ በ1992 ከ80 ሜትር ጥልቀት በቁርጥራጭ ወጣ። ኬንታኪ ውስጥ በምትገኝ ሚድልስቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ሰው እየመጣ እያየው ታደሰ፤ በኦክቶበር 2002 “የበረዶዋ ልጃገረድ” በሚል ስም ሲነሣ ሕዝቡ የራሱ ልጅ እንደሚበር ቆጠረው። የእንግሊዙ ቫልካን ቦምብ ጣይም በ2007 ወደ ሰማይ የተመለሰው ከብሔራዊ ሎተሪ ፈንድና ከተራ ሰው በተዋጣ ገንዘብ ነው። ገንዘብህን ከሕዝብ ከወሰድህ ዝም ማለት አይቻልህም። ከአንድ ባለጸጋ ኪስ ከሆነ ግን ማንም አይጠይቅህም። የዝምታውን መጠን ከምንም በላይ የሚወስነው ይህ ይመስለኛል።

ባለጸጋ የከፈለበትም ቢሆን መዝግቦ ከሠራ ታሪክ ያተርፋል። በ1989 ከሌኒንግራድ አቅራቢያ ካለ ጫካ የተገኘው ፎክ-ቩልፍ 190 የተባለ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን፣ በማይክሮሶፍቱ ፖል አለን ስብስብ ውስጥ ሆኖ በዲሴምበር 2010 ከራሱ ዓይነት ሞተር ጋር በረረ። ጀርመናዊው አብራሪ በ1943 ሞተሩ ቆሞበት ነበር ያሳረፈው። ሞተሩ ሲፈታ በዘይት መሥመሩ ውስጥ ጨርቅ ተገኘ፤ በፋብሪካው በግዴታ ይሠሩ ከነበሩት አንዱ ሆን ብሎ እንዳስገባው ተጠርጥሯል። ጨርቁን እንደ ቆሻሻ ጥሎ አዲስ ቱቦ የሚገጥም ጥድፈኛ ሃንጋር ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ያደረገው ነገር ሁለተኛ ጊዜ በጠፋ ነበር።

ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ በሚገኘው የስሚዝሶንያን ኡድቫር-ሄዚ ማዕከል የእድሳት ክፍሉ ግድግዳ መስታወት ነው፤ ጎብኚው ከላይ ሆኖ ባለሙያዎቹን ይመለከታል። “ፍላክ-ቤይት” የተባለውን ቢ-26 ቦምብ ጣይ የያዙት እዚያ ነው። አውሮፕላኑ ከ200 በላይ ተልእኮ በርሮ ከ1,000 በላይ ቀዳዳ ተቆጥሮበታል። አዲስ ቀለም አይቀቡትም፤ የደበዘዘውን እንዳለ ያጸኑታል እንጂ። በአካሉ ላይ ቀዳዳ የሚደፍኑት የቆርቆሮ ልጥፎች በጦርነቱ ጊዜ መካኒኮች ለሚቀጥለው በረራ ለማድረስ የመቷቸው ናቸው፤ ሪቬታቸው ጎባጣ ነው፣ ጥግ ለጥግም አይገጥምም። ማንም አላስተካከላቸውም።